ከባሕር በራቀ ቤት ዓሣን አጥምዶ ስለ መጥበስ

በዚህ በቤተሰብ ገጽ ስለ ልዩ ልዩ ባልትና ሲጻፍ ስለ ዓሣ የሚነገረው ጥቂት ነው። ምክንያቱም አብዛኛው የከተማችን ሰው ዓሣን የሚያውቀው በሆቴል ገበታ ላይ ተጠብሶ ሲቀርብለት እንጂ፣ ከውኃ ወጥቶ ምጣድ ላይ እስኪደርስ ያለውን ነገር መርምሮ አይደለም። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚሁ ወገን ነበርን። ይህንን እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን በቤታችን የደረሰ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም አረጋዊው አባታችን ከምግብ እየራቁ በሄዱበት ጊዜ ልባቸው የፈቀደው አንድ ነገር ብቻ፣ እርሱም የባሕር ዓሣ መሆኑ ነው።

ቤታችን በአዲስ አበባ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ አጠገብ ነው። ቂርቆስ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ካዛንቺስ ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን የኢጣልያ መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት ያሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ስም በሕዝብ አፍ ተለውጦ የቀረ ነው። ከባሕር ምን ያህል እንደምንርቅ ለማመልከት፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ምድር ባቡር የመጨረሻ ጣቢያ የነበረው ለገሃር በዚሁ በክፍለ ከተማችን እንደሚገኝ፣ ከወደቡ እስከዚያ የተዘረጋውም ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ያህል እንደነበረ ማስታወስ ይበቃል።

አባታችን በወጣትነታቸው በምጽዋ ወደብ በጽሕፈት ሥራ ብዙ ዓመታት አገልግለዋል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ስትሆን አገራችን የባሕር ጠረፍ የሌላት ሆና ቀረች፤ እርሳቸውም ቀደም ብለው ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው ስለነበር የባሕሩን ነገር እንደ ጨረሱት ቆጥረው ኖሩ። ጥዋትና ማታ የሚጫወቱት በካዛንቺስ ከሚኖሩ የዕድሜ እኩዮቻቸው ጋር ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ግን እነዚያ ሽማግሎች ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። አባታችንም ከዚያ ወዲህ ከደጃፍ መቀመጥን ተዉ፤ ቀጥሎም ምሳን ተዉ፤ በመጨረሻ ከእንጀራው ጥቂት ቆርሰው «በቃኝ» ማለት ልማዳቸው ሆነ። ሐኪም መርምሯቸው ከእርጅና በቀር የተለየ ደዌ አላገኘባቸውም። ባለቤታችን አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ምን ቢሠራልዎ ይበላሉ?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ በምጽዋ እንበላው የነበረውን፣ ሳይቆረጥ በምጣድ የሚጠበሰውን ትንሹን የባሕር ዓሣ ብቀምስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ከየት ታመጪዋለሽ?» አሏት።

እኛም ነገሩ በገንዘብ የሚፈታ መስሎን፣ ከውጭ አገር በበረዶ ደርቆ የመጣ የባሕር ዓሣ ከአንድ መደብር ገዛን። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ዳሩ ግን ዓሣው በመንገድ ላይ ወይም በመደብሩ ውስጥ አንድ ጊዜ ቀልጦ እንደገና የደረቀ ኖሮ፣ ቤት ገብቶ ሲፈታ ሥጋው እንደ ረጠበ ጥጥ ልል ሆነ፤ ሽታውም ወጥ ቤቱን ሞላው። ባለቤታችን «ይጣል» ስትል፣ እኛ ግን «እሳት ሁሉን ያነጻል፣ ቅመምም ሽታውን ይሸፍናል» ብለን አስጠበስነው። አባታችን አንድ ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ታጠቡ። ትንሹ ልጃችን ግን ጥቂት በልቶ ኖሮ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ። እግዚአብሔር ይመስገን ሲነጋ ተሻለው፤ ሆኖም ያን ሌሊት የተማርነውን ለሌሎች ሳንነግር ብንቀር ጥፋታችን ሁለት እጥፍ ይሆናል።

ሊታወቅ የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ የተበላሸ ዓሣ በእሳት አይታደስም። ይልቁንም ቱናና ማክሬል እንደሚባሉት ያሉ የባሕር ዓሦች ያለ በረዶ ሲቆዩ በሥጋቸው ውስጥ መርዝነት ያለው ነገር ይፈጠራል፤ ይህም ቢቀቅሉት ወይም ቢጠብሱት አይጠፋም። ስለዚህ የባልትናው መጀመሪያ ምጣዱ ሳይሆን መምረጡ ነው።

የመልካም ዓሣ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ዓይኑ ጎላ ያለ፣ የጠራና የሚያብረቀርቅ መሆን አለበት፤ የጎደጎደና የደፈረሰ ዓይን ዓሣው መሰንበቱን ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ የስንጥቡን ክዳን ገልጠው ሲያዩት ውስጡ እንደ ደም የቀላ ይሁን፤ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ የተለወጠ ከሆነ አይገዛም። ሦስተኛ፣ ሥጋውን በጣት ጫን ሲሉት ተመልሶ ይነሣ፤ የጣት ምልክት ጎድጉዶ ከቀረ ዕድሜው አልፏል። አራተኛ፣ ቅርፊቱ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ይሁን። አምስተኛና ዋነኛው፣ ሽታው የንጹሕ ውኃ ሽታ እንጂ የሚያስነጥስና የሚከረፋ አይሁን። እኛ በሥራችን የፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊ እንደ መሆናችን፣ አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ መፍረድ እንደማይገባ እናውቃለን፤ ዓሣም ሲገዛ እነዚህን አምስቱን ምስክሮች ሳይሰሙ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ጭንቅላቱና ቆዳው ተወግዶ በሥጋው ብቻ የሚሸጥ ዓሣ ከእነዚህ ምስክሮች አብዛኞቹን ያጣ ስለሆነ፣ ሻጩን ካላወቁት ሙሉውን መግዛት ይሻላል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ አባታችን በእኛ ማፈር አዘኑ መሰል፣ በማግሥቱ ራሳቸው ስለ ምጽዋ ያጫውቱን ጀመር። ከተማይቱ ከደሴት ላይ ናት፤ ምጽዋና ጥዋለት የተባሉት ሁለቱ ደሴቶች በባሕር ላይ በተሠራ መንገድ እርስ በርሳቸውና ከየብሱ ጋር ተያይዘዋል። ቀን በሙቀቱ ብርታት ሰው ከጥላ አይወጣም። ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ግን የወደቡ ሠራተኞች ክርና መንጠቆ ይዘው ወደ ውኃው ዳር ይወርዳሉ። በመንጠቆው ላይ የትንሽ ዓሣ ቁራጭ ይሰካል፤ ከበላዩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ክሩን ወደ ታች የሚስብ እርሳስ ይታሰራል። ባሕሩ መሙላት ሲጀምር ዓሣው ምግቡን ፍለጋ ወደ ዐለቱ ዳር ይቀርባልና፣ ክሩን የሚጥሉት በዚያን ጊዜ ነው። ክሩ በጣት ላይ ይያዛል እንጂ በዱላ አይታሰርም፤ ዓሣው ሲነክስ የሚያስታውቀው ለጣት ነውና። አንድ ጊዜ ቢነካው አይሳብም፤ ሁለተኛ ሲጎትት ግን ፈጥኖ መሳብ ይገባል።

በዚህ ዓይነት የሚያዙት ዓሦች ጀርባቸው እሾኻም፣ ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ ርዝመታቸው ከመዳፍ ጥቂት የሚበልጥ፣ አንዱ ለአንድ ሰው የሚበቃ ነበሩ። ትልልቁን ዓሣ የምጽዋ ሰዎች ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይዘረጉትና በርበሬ ቀብተው በጭቃ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይጋግሩታል፤ ይህም ከየመን ሰዎች የተወረሰ ሥርዓት ነው። ትንሹን ግን ሳይቆርጡ በብረት ምጣድ ይጠብሱታል። አባታችን የተመኙትም ይህንኑ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ፣ የባሕሩን ዓሣ ማምጣት ባንችል በመልክና በመጠን የሚመስለው ከሐይቆቻችን እንደማይጠፋ ተረዳን። እርሱም ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው እሾኻም፣ ቅርፊቱ ደንዳና፣ ሥጋው ነጭ የሆነ፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በጣናና በሌሎችም ውኆቻችን የሚገኝ ዓሣ ነው። ክንፍና ቅርፊት ያለው በመሆኑ፣ የኦሪትን ሥርዓት አስበው አምባዛን የማይበሉ ሰዎች እንኳ ቆሮሶን ያለ ጥርጥር ይበሉታል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ጉዳይ ግን ለነፍስ አባቶች እንተወዋለን።

እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር በአንድ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን አባታችንንና ታላቁን ልጃችንን ይዘን ወደ ዝዋይ ሄድን። ከተማው ዛሬ ባቱ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከሁለት ሜትር ተኩል አያልፍም። በደረስን ጊዜ ዓሣ አስጋሪዎቹ ማታ የዘረጉትን መረብ አንሥተው ወደ ዳር ይመለሱ ነበር። አባ ኮዳ የተባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎችም እንደ ዳኛ ተሰልፈው የሚጣለውን ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ።

አባታችን ከቤት አንድ አሮጌ ቆርቆሮ ይዘው መጥተው ነበር። በውስጡ የምጽዋ መንጠቆዎቻቸው አሉ። አውጥተው ሲያሳዩት ግን፣ ዝገታቸው ይቅርና መጠናቸው ለቆሮሶ የማይሆን ሆኖ ተገኘ፤ የቆሮሶ አፉ ትንሽ ነውና። አንድ ወጣት አስጋሪ፣ «አባባ፣ ይህ ለትልቅ ዓሣ ነው፤ እንካችሁ ይህን ይያዙ» ብሎ የጣት ጥፍር የምታህል መንጠቆና ከዳቦ የተለወሰ ሊጥ ሰጣቸው። እርሳቸውም ክሩን በጣታቸው ይዘው ተቀመጡ። መጀመሪያ ዓሣው ሲነካካ እንደ ምጽዋው ሁለተኛውን ጉትታ ቢጠብቁ፣ ቆሮሶው ሊጡን ልሶ ልሶ ጨርሶት ይሄዳል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ሳቁ፤ እኛም ሲስቁ ካየን ብዙ ወራት አልፎ ነበር። «ይህ እንደ ባሕሩ አይጎትትም፤ ይለምናል እንጂ» አሉና ክሩ ጥቂት እንደ ተነቃነቀ መሳብ ጀመሩ። ረፋዱ ላይ ሰባት ዓሣ ያዝን።

ከሰባቱ ሁለቱ ከስንዝር ያነሡ ስለሆኑ አባታችን ራሳቸው ወደ ውኃው መለሷቸው። ልጃችን፣ «አያቴ፣ ለምን ይለቀቃል?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «እርሱ ገና አልወለደም፤ አሁን ብትበላው የምትበላው የሚመጣውን ዓመት ነው» ሲሉ መለሱለት። ስለዚህ ጉዳይ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንጨምር እንወዳለን። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን ጥላ አትሄድም፤ በአፏ ሰብስባ ትይዘዋለች። ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹን አፏ ውስጥ ትጠብቃቸዋለች፤ ሲወጡ የሚያስፈራ ነገር ቢመጣ መልሳ ታስገባቸዋለች። በዚህ ጊዜ ሁሉ ምግብ አትበላም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ መንጠቆ እርሷን እምብዛም አይዛትም፤ መረብ ግን ሳይለይ ከነልጆቿ ያወጣታል። በሐዋሳ ሐይቅ እንደ ታወቀው ቆሮሶ አብዝቶ ከሚራባባቸው ጊዜያት አንዱ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ነው፤ በከተማችን ደግሞ ዓሣ በብዛት የሚፈለገው በዐቢይ ጾም ስለሆነ፣ የገበያው ጊዜና የመራቢያው ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ። የዓሣ ሀብትን ስለ ማልማትና ስለ መጠቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሀብቱ እንዳይመናመን ነው። ሆኖም አዋጅ በሐይቁ ዳር ብቻ አይፈጸምም፤ በወጥ ቤትም ይፈጸማል። የቤት እመቤት ከስንዝር ያነሰውን ቆሮሶ «አልገዛም» ብትል፣ ሻጩም አያመጣውም፣ አስጋሪውም አያወጣውም።

የያዝናቸውን አምስቱን ዓሦች እዚያው ሆዳቸውን አስወጥተን፣ በንጹሕ ውኃ አጥበን፣ በረዶ በሞላ ሣጥን ውስጥ አድርገን ተመለስን። ይህ እንዳይዘነጋ፤ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ የሚጓዝ ዓሣ ከውስጥ ጀምሮ ይበላሻል። ሣጥኑም ሲዘጋ በረዶው ከሥርም ከላይም መሆን አለበት።

ቤት ስንደርስ ባለቤታችን አንድ ነገር አነሣች። «ዓሣው በመልክ ይመስላል፤ ጣዕሙ ግን የሐይቅ ነው። አባባ ይህን አይስቱትም» አለች። እውነቷን ነበር። የባሕር ዓሣ በጨው ውኃ ውስጥ ስለሚኖር፣ ጨዉን ለመቋቋም በሥጋው ውስጥ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች ያከማቻል፤ ጣዕሙን የሚያበረቱትም እነዚህ ናቸው። የሐይቅ ዓሣ ግን ይህ ስለማያስፈልገው ሥጋው ለስላሳና ጣዕሙ ቀለል ያለ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በውኃው ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የተነሣ ጭቃ ጭቃ ይላል። አባታችን ይህንን ሲሰሙ ከመኝታ ቤታቸው ሆነው፣ «ታዲያ ባሕሩን ሥሩለታ!» አሉ። በምጽዋ ዓሣውን የሚያጥቡት በባሕሩ ውኃ ኖሯል።

በዚህ ምክንያት ባሕሩን በገበታ ውስጥ ሠራን። የዓለም ባሕሮች ውኃ በአማካይ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ቀይ ባሕር ግን ሙቀቱ ስለሚያተነው፣ ታላላቅ ወንዞችም ስለማይገቡበት እስከ 40 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ በሁለት ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 80 ግራም ጨው፣ ይኸውም ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከጥቂት ጭማሪ ጋር፣ አሟሟን። ጨዉም ቢሆን ለባሕሩ ባዕድ አይደለም። ዛሬ በየቤታችን ከምንጠቀምበት ጨው ብዙው የሚመጣው በአፋር ምድር ካለው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው። ይህ ሐይቅ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በደናክል ቆላ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ያ ቆላ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ይገባበት የነበረ ነው። በዚያም በጨው ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ በዓለም ላይ ከደናክል በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኝ ትንሽ የቆሮሶ ዘመድ አለ። ለምግብ የሚሆን ባይሆንም፣ አገራችን የጨው ውኃ ዓሣ ጨርሶ እንዳላጣች ያስረዳል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። ለአምስት ሰው አምስት ቆሮሶ፣ እያንዳንዱ 300 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ይበቃል።

በመጀመሪያ ቅርፊቱ ከጭራ ወደ ራስ በቢላዋ ጀርባ ይፋቃል። ስንጥቡ ይወጣል፤ እርሱ ከቀረ ያመራልና። በሆዱ ውስጥ የጀርባ አጥንቱን ተከትሎ ያለው ጥቁር ደም በጣት ጥፍር ተፍቆ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ በግራና በቀኝ ጎኑ ሦስት ሦስት ጊዜ እስከ አጥንቱ በሰያፍ ይተለተላል። ይህም ጨዉና ቅመሙ እንዲገባ፣ ጥቃቅኑም አጥንት በእሳቱ እንዲበስል ነው።

ሁለተኛ፣ ዓሣው በጨው ውኃው ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይነከራል፤ ከዚያ ቢበልጥ ይጨዋል። ሥጋው በዚህ ጊዜ ይጠነክራል፤ በምጣድም ላይ አይፈራርስም። ከውኃው ሲወጣ እንደገና አይታጠብም፤ በንጹሕ ጨርቅ ከውስጥም ከውጭም ፈጽሞ ይደርቃል። እርጥብ ዓሣ ዘይቱን ያቀዘቅዛል፣ ከምጣዱም ይጣበቃል፤ ጠባሹንም ያቃጥላል።

ሦስተኛ፣ የሁለት ሎሚ ውኃ፣ አራት ፍንክች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬና ጥቂት እርድ በአንድነት ተለውሶ ዓሣው ይታሻል፤ በትልታዩም ውስጥ ይገባል። ጨው አይጨመርም። ሎሚው የጭቃውን ጣዕም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ ሥጋውን ያነጣዋል፣ ያደርቀዋልም።

አራተኛ፣ የብረት ምጣዱ ውስጥ አንድ ጣት ከፍታ የሚሆን ዘይት ይግላል። መድረሱን ለማወቅ ቁንጥር ዱቄት ጣል ሲደረግ ወዲያው የሚንጨረጨር ከሆነ በቂ ነው፤ የሚጨስ ከሆነ አልፏል። ዓሣው በስንዴ ዱቄት ስስ ሆኖ ይለበጣል፤ ትርፉ ይራገፋል። ሁለት ሁለት ሆኖ ይገባል እንጂ አይታጨቅም። በአንዱ ጎን አምስት ደቂቃ ያህል ሳይነካ ይቆይ፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ብቻ ይገልበጥና ሌላው ጎን እንደዚሁ ይጠበስ። ደጋግሞ የሚያገላብጥ ሰው ቆዳውን በምጣዱ ላይ ይተወዋል። ከጀርባው ወፍራም ስፍራ በሹካ ሲነካ ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ከተላቀቀ በስሏል። ሥጋው ግልጥልጥ የሚልና ከአጥንቱ የማይላቀቅ ከሆነ ግን ወደ ምጣዱ ይመለስ፤ በሐይቆቻችን ዓሣ ውስጥ ትል አንዳንድ ጊዜ ይገኛልና፣ ጥሬውን የመብላት ልማድ አያስመሰግንም።

ጭንቅላት የማይወዱ ቤቶች ጭንቅላቱንና አጥንቱን አይጣሉት፤ በሽንኩርት፣ በካሮትና በቃሪያ ለግማሽ ሰዓት በዝግታ ቢፈላ ለታመመ ሰው የሚስማማ ሾርባ ይወጣዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በቆላ ከሚቀቀለው ጥቂት ደቂቃ ጨምሮ መቀቀል ይገባል። የተጠበሰው ግን በዘይት ስለሆነ በዚህ አይለወጥም።

ለሕፃናት ሲቀርብ፣ አስቀድሞ የጀርባው እሾኽ ከነሥሩ ይነቀል፤ ቀጥሎ ሥጋው ከመካከለኛው አጥንት ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋ፤ በመጨረሻ ከጭራው ጀምሮ አጥንቱ እንዳለ ይነሣ። እንዲህ የተደረገ ዓሣ አጥንት አይደብቅም። ሆኖም አንዲቱ እንኳ እንዳትቀር ለሕፃን የሚሰጠው ሥጋ በጣት ይዳሰስ።

ያን ቅዳሜ ማታ ገበታው ሲቀርብ፣ ዓሣው በትሪ ላይ ከእንጀራ፣ ከዳጣና ከተቆረጠ ሎሚ ጋር ነበረ። አባታችን የእጅ ውኃ ወስደው ባረኩና፣ ከጀርባው ጥቂት ቆንጥረው ያለ እንጀራ ቀመሱት። ሁላችንም ፊታቸውን እናይ ነበር፤ ባለቤታችን እስካሁን ማንኪያዋን ከእጇ አላስቀመጠችም። እርሳቸውም ሲያላምጡ ቆይተው፣ «ዓሣው የምጽዋ አይደለም» አሉ። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ጨዉ ግን ልክ ነው» ብለው እጃቸውን መለሱ። ዓሣቸውን እስከ አጥንቱ ጨረሱት፤ የልጃችንንም ጭንቅላት ለምነው በሉ።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ በቤታችን በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓሣ ይጠበሳል። ሁልጊዜ ወደ ዝዋይ መሄድ ስለማይቻል፣ ብዙውን ጊዜ በበረዶ የመጣውን ቆሮሶ ከገበያ በጥዋት እንገዛለን፤ ከአምስቱ ምስክሮች አንዱ ከጎደለ ግን ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። አባታችንም ከተበታተኑት ጓደኞቻቸው ሁለቱ ወዳሉበት ስልክ አስደውለው፣ «በሚመጣው ቅዳሜ ኑ፤ የባሕር ውኃ ሠርተናል» ብለው ጠርተዋቸው፣ አንደኛው በታክሲ፣ ሁለተኛው በልጃቸው መኪና መጥተው አብረው በልተዋል። የአባታችን የምሳ ነገር ፈጽሞ ተስተካክሏል ባንልም፣ ዓሣ በሚጠበስበት ቀን ጨዉን የሚመዝኑት ራሳቸው ናቸው።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፣ በየቤታችሁ ከምግብ የራቀ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቢኖሩ፣ በግድ «ይብሉ» ከማለት አስቀድማችሁ፣ በወጣትነታቸው በየትኛው አገር ምን ይበሉ እንደነበር፣ እንዴትስ ይሠራ እንደነበር ጠይቋቸው። እህሉ ባይገኝ እንኳ አሠራሩን እስካሉ ድረስ መማር ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው በአንድ ሊትር ውኃ 40 ግራም ጨው፣ ስንዝር የሞላ ዓሣ፣ ከገበታውም አጠገብ ለመጫወት የሚበቃ ጊዜ ነው።